«መሰለኝ» የተባለችው ሴስና

የመንገደኞች አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር ከመስኮቱ ዓይኔን መንቀል ስለማልችል ይሆናል፣ በአሜሪካዋ ሳንዲያጎ ከተማ ሰማይ ላይ ስለደረሰው የአውሮፕላኖች ግጭት የተጻፈውን ደጋግሜ አነባለሁ። መስከረም 15 ቀን 1971 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 25 ቀን 1978) ጠዋት፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሰዓት፣ ፒኤስኤ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በረራ 182 የሆነው ቦይንግ 727 ጄት ከሳክራሜንቶ ተነሥቶ በሎስ አንጀለስ በኩል ወደ ሳንዲያጎው ሊንድበርግ አውሮፕላን ማረፊያ ይቃረብ ነበር። ሴስና 172 የተባለች አንዲት አነስተኛ አውሮፕላን ደግሞ አስተማሪና ተለማማጅ ይዛ በመሣሪያ እየተመሩ የማረፍን ልምምድ ታደርግ ነበር።

የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ሴስናዋን ሲጠቁማቸው የ727ቱ አብራሪዎች እንዳዩአት መለሱ፤ በዚህች መልስም ከእርሷ ርቆ የመብረር ኃላፊነት በእነርሱ ዓይን ላይ ወደቀ። ብዙም ሳይቆይ ግን ጠፋቻቸው። እኔን የሚያስደነግጠኝ መጥፋቷ ሳይሆን መጥፋቷን ያወቁ መሆናቸው ነው። ረዳት አብራሪው «አሁን አትታየኝም» አለ፤ ካፒቴኑ ግን በሬዲዮ ያስተላለፈው ከደቂቃ በፊት እዚያ እንደነበረችና በቀኛቸው በኩል ያለፈች እንደሚመስለው ብቻ ነበር። የማማው ተቆጣጣሪም እንዳለፈች ቆጠረው። ጥቂት ቆይቶ ረዳቱ ከሴስናዋ ርቀው እንደሆነ ጠየቀ። የበረራ መሐንዲሱ «መራቅ ነበረብን»፣ ካፒቴኑ «መሰለኝ»፣ በትርፍ ወንበር የተሳፈረው ተረኛ ያልሆነ ካፒቴን ደግሞ «ተስፋ አደርጋለሁ» አሉ፤ በመካከሉ ሳቅ ተሰምቷል። ከዚያ በኋላ የቀራቸው ከ40 ሰከንድ ያነሰ ነበር።

ብዙ ሰው ይህን አደጋ ሲያነሣ በኮክፒቱ (በአብራሪዎቹ ክፍል) ውስጥ የነበረውን ወሬ ይወቅሳል። ወቀሳው ከንቱ አይደለም፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 በአሜሪካዋ ሻርሎት ከተማ አቅራቢያ የወደቀውን የኢስተርን አየር መንገድ በረራ 212 ጨምሮ በተመሳሳይ ወሬ የታጀቡ አደጋዎች ስለነበሩ፣ የአሜሪካ የበረራ ባለሥልጣን በዚያው አቆጣጠር በ1981 ከ10,000 ጫማ በታች ከሥራው ውጭ የሆነ ጭውውትን ከልክሏል። ነገር ግን መርማሪ ቦርዱ ለሳንዲያጎው አደጋ በዋና ምክንያትነት ያስቀመጠው ወሬውን ሳይሆን፣ አብራሪዎቹ ሴስናዋ ከዓይናቸው መሰወሯን ለተቆጣጣሪው በግልጽ አለመናገራቸውን ነው። የሳቁትም ስለ ሌላ ጉዳይ ሳይሆን ስለ ሴስናዋ ነበር፤ ስለዚህ ዝምታን የሚያዝ ደንብ ብቻውን አያድናቸውም ነበር ባይ ነኝ።

ዓይንም የራሱ ደካማ ጎን አለው። ሊጋጭ የሚመጣ አውሮፕላን በመስታወቱ ላይ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ዓይን ደግሞ የሚስበው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ሴስናዋ ከፊታቸውና ከበታቻቸው፣ በቤቶች ጣሪያ ላይ ነበረች።

ከግጭቱ 19 ሰከንድ በፊት ለማረፍ የሚቃረቡ አውሮፕላኖችን በሚመራው መቆጣጠሪያ ክፍል የግጭት ማስጠንቀቂያ ጮኸ፤ አብራሪዎቹ እያዩአት ነው ተብሎ ስለታመነ ለ727ቱ የነገረው ሰው አልነበረም። በሁለቱ አውሮፕላኖች 137፣ በምድር ላይ ደግሞ 7 ሰዎች ሞቱ። ሁለቱ አውሮፕላኖች በተጋጩበት ቅጽበት ገደማ፣ ተቆጣጣሪው ለሴስናዋ በአቅራቢያዋ ያለው ጄት እያያት መሆኑን ነግሯት ነበር።