የግራው ጎን

ዛሬ ደግሞ ያ ነገር መጣብኝ። ታውቁታላችሁ፣ ስልኬን ደፍቼ አስቀምጬ ከማንም ጋር ማውራት የማልፈልግበት ቀን። እንዲህ ሲያደርገኝ እጄ ስራ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቁም ሳጥኑ ላይ ሆና ስትታዘበኝ የከረመችውን የፕላስቲክ የህዋ መንኮራኩር ሞዴሌን አወረድኳት።

መመሪያው ላይ እንዳለው ብገጣጥማት ኖሮ እስካሁን አልቃ ነበር። እኔ ግን እንደተጻፈው መስራት ሽንፈት ይመስለኛል መሰለኝ፣ ሆዷ ላይ የእስክርቢቶ ስፕሪንግ፣ የተበላሸ ሰዓት ጥርሶች፣ ከተሰበረ የታንክ ሞዴል የተረፉ ጎማዎች ምናምን ለጣጥፌባታለሁ። (ከኔ የመጣ እብደት እንዳይመስላችሁ፣ የድሮ የፊልም መንኮራኩር ሰሪዎችም ከታንክና ከመርከብ ሞዴል እየነቀሉ ነበር የሚለጥፉት፣ ቀለም ሲቀባ ሁሉም አብሮ የተወለደ ይመስላል።)

ለዛሬ የቀረኝ መብራቱ ብቻ ነበር። ለሁለቱ ሞተሮች ሁለት ሰማያዊ ኤልኢዲ፣ ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ፣ ቀጭን ሽቦ፣ በቃ። ውስጧን አስቀድሜ ጥቁር ቀብቻታለሁ፣ ካልሆነ ፕላስቲኩ ስስ ስለሆነ ብርሃኑ ዘልቆ ይወጣና አምፖል ነው የምትመስለው፣ ባለፈው አይተነዋል። ሽቦው የሚወጣበትን ቀዳዳ ስበሳ ግን እጄ ሸሸ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ግራ ጎኗ ላይ ከክንፏ ስር ጥፍር የምታክል ቁራጭ ተሰብራ ወደ ውስጥ ገባች።

ዝም ብዬ አየኋት። ከዛ ራሴን ማጽናናት ጀመርኩ። የስታር ትሬክ ተከታታይ ፊልሟ መንኮራኩር ኤንተርፕራይዝ፣ እ.ኤ.አ በ1966 ቴሌቪዥን ላይ የወጣችው፣ ትልቋ ሞዴል 3.4 ሜትር ገደማ ትረዝማለች፣ እና ግራ ጎኗ እኮ አላለቀም! የመብራቶቿ ሽቦ በዛ በኩል ስለነበር የሚገባው ካሜራው የሚያነሳት በቀኝ በኩል ነው። አሁን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ በክብር ተቀምጣለች። ግራዋን ማን ጠየቃት?

ስለዚህ ስብራቱን ከምሞላው ታሪክ ልስጠው አልኩ። ግጭት ይሁን። ከስፖንጅ ትንሽ ቀድጄ በወረንጦ ይዤ፣ ጥቁር ቡኒ ቀለም አስነክቼ፣ ወረቀት ላይ አራግፌ አራግፌ ሊያልቅ ሲል ጠርዙን ጠቅ ጠቅ፣ ወዲያው ቀለሙ የተላጠ ብረት መሰለ። ከስሩ በስቴኪኒ የዝገት መስመር አወረድኩ። ቆይ ግን፣ ዝገት? ዝገት ኦክስጅንና እርጥበት ይፈልጋል፣ ህዋ ላይ የት አምጥታ? ደግሞ ወደ ታች የፈሰሰው፣ ታች የቱ ጋ ነው? ስለዚህ ይቺ መንኮራኩር የሆነ ዝናብ የሚዘንብበት ቦታ አርፋ ብዙ ጊዜ ቆማለች ማለት ነው። ማን አቆማት? ለምን አላሳጠባትም? ተገጭታስ ለምን አላሰራትም?

አባዬ ነዋ።

የአባዬን መኪና ታስታውሷታላችሁ። አንድ ጭረት አላስቀባም፣ ለእንግዳ እየዞረ እንደ ልጆቹ ነበር የሚያስተዋውቃቸው፣ ይቺ እናንተ ሳትወለዱ ናት፣ ይቺ ታናሽህ የተወለደ ለሊት ናት። የግራው የኋላ በር ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ይቀየራል፣ "ይቺን አንድ የማይረባ ሰው ቆማ ገጭቶብኝ ሄደ" ይላል። ያ የማይረባ ሰው እኔ ነኝ። አስራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ቁልፉን ሰርቄ፣ ከግቢ እንኳን ሳልወጣ በሩ ቋሚ ላይ አሻሸኋት። ከዛ የተላጠው እንዳይታይ ጭቃ ቀባሁበት። እውነቴን ነው፣ በጣቴ፣ ልክ እንደ ዛሬው ጠቅ ጠቅ።

ታሪኩ በየእንግዳው እያደገ ሄደ። ሰውየው መጀመሪያ ቸኩሎ ነበር፣ ቀጥሎ ወፍራም ሆነ፣ አንድ ቀን ደግሞ አባዬ ኮፍያ ጨመረለት። ያኔ ቤታችን ውስጥ ኮፍያ ከራሱ የማይወርድለት እኔ ብቻ ነበርኩ። ኮፍያውን ሲጨምር እኔን እያየ ነበር? ወይስ ዛሬ ነው እንደዛ የመሰለኝ? አሁን ማንን ልጠይቅ፣ እሱም የለ፣ መኪናዋም የለች።

ይሄን ሁሉ ሳስብ ለካ እጄ አላረፈም፣ ሙጫውን ቀብቼ ሁለቱን ግማሾች ገጥሜ በላስቲክ አስሬያቸዋለሁ። የሞዴል ሙጫ ደግሞ ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያያይዘው፣ ሃሳቤን ቀየርኩ ማለት የለም። ባትሪውን አስነካሁ። የቀኙ ሞተር ቦግ አለ። የግራው ዝም። ኤልኢዲ ኮረንቲ የሚያሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ ረጅሙ እግሩ ፖዘቲቭ ነው፣ እኔ ጎበዙ ግን እንዲመቸኝ ብዬ ገና ሳልበይዳቸው ሁለቱንም እግር እኩል ቆርጫቸዋለሁ።

እና ማንም ቢጠይቀኝ የግራው ሞተር በግጭቱ ነው የሞተው። ቆማ ነበር። አንድ የማይረባ ሰው፣ ኮፍያ ያደረገ።