«ዴሊካቴሰን»ን በጆሮ ማጥናት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ከታላቅ ጥፋት በኋላ የሚኖርን ዓለም የሚያሳዩ የፈረንሳይ ፊልሞችን ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ፣ ደጋግሜ የምመለሰው ዣን ፒየር ዥኔና ማርክ ካሮ በጋራ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1991 ለእይታ ወዳበቁት «ዴሊካቴሰን» ነው። ታሪኩ በቃል ሲተረክ የሚያስቅ አንዳች ነገር የለበትም። ምግብ ጠፍቶ እህል እንደ ገንዘብ በሚቆጠርበት ዘመን፣ ምድር ቤቱ ሥጋ ቤት የሆነ አንድ ያረጀ ፎቅ አለ። የሥጋ ቤቱ ጌታ ክላፔ ቤቱንም የሚያከራየው እርሱ ነው፤ በጋዜጣ ማስታወቂያ የጥገና ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ሠራተኛው ጥቂት ካገለገለ በኋላ ይታረዳል፣ ሥጋውም ለተከራዮቹ ይሸጣል። ተከራዮቹ ይህን እያወቁ ይበላሉ። የማያውቀው አዲስ የተቀጠረው ሉዊዞን፣ የቀድሞው የሰርከስ አጫዋች፣ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ጉድ እንዴት ሊያስቅ እንደቻለ መረዳት የጥናቴ ዋና ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል።

መልሱን የፈለግሁት በድምፁ በኩል ነው። አንድን ትዕይንት መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቼ፣ ቀጥሎ ምስሉን ሸፍኜ፣ በመጨረሻም ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ መመልከትን ልማድ አደረግሁ። በዚህ መንገድ በጣም የጠቀመኝ ዝነኛው የአልጋ ሞላ ትዕይንት ነው። ክላፔ ከወዳጁ ከማድሞዋዜል ፕሉስ ጋር አልጋ ላይ ሲሆን የአልጋው ሞላ ሲጢጥ ማለት ይጀምራል፤ ድምፁም በቤቱ ውስጥ የሚሠራውን ሰው ሁሉ ምት ያስይዘዋል። የክላፔ ልጅ ዡሊ ቼሎ ትለማመዳለች፣ ሉዊዞን በላስቲክ የሱሪ ማንገቻው ተንጠልጥሎ ኮርኒስ ይቀባል፣ ሌላው የብስክሌት ጎማ ይነፋል፣ አንዲት ሴት ምንጣፍ ትደበድባለች፣ አሮጊቷ ሹራብ ትሠራለች። ሞላው በፈጠነ ቁጥር ሁሉም ይፈጥናሉ፤ የእያንዳንዱ ምስል ቆይታም አብሮ ያጥራል። በመጨረሻ የቼሎው ክር ይበጠሳል፣ ጎማው ይፈነዳል፣ ሉዊዞንም ይወድቃል።

ምስሉን ሸፍኜ ስሰማው የተገለጠልኝ ነገር፣ ከእነዚህ ሰዎች አንዱም እየቀለደ አለመሆኑ ነው። ሁሉም የዕለት ሥራቸውን ነው የሚሠሩት። ሳቁን የሚፈጥረው ሳያውቁት ለአንድ ሰው ፍላጎት መታዘዛቸው ሲሆን፣ ያ ሰው ደግሞ የሚመግባቸውና ነገ ሊያርዳቸው የሚችለው ሥጋ ሻጭ ነው። የቤቱ የሥልጣን ሥርዓት አንድም ቃል ሳይነገር በድምፅ ብቻ ተብራራ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1992 ካገኛቸው አራት የሴዛር ሽልማቶች (የፈረንሳይ ትልቁ የፊልም ሽልማት) አንዱ ለኤርቬ ሽናይድ የኤዲቲንግ (የምስል ቅንብር) ሥራ መሰጠቱ፣ ይህን ትዕይንት ብቻ ለተመለከተ ሰው እንኳ የሚገባ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ያደረግሁት የቤቱን ንድፍ በወረቀት ላይ መሣል ነበር፤ ማን ከማን በላይ እንደሚኖርና የትኛው የውኃ ቧንቧ የማንን ድምፅ ወደየት እንደሚወስድ አሰፈርኩ። ይህ ሥራ የሱሪያሊዝምን፣ ማለትም ሕልምንና እውነታን የሚያቀላቅለውን የጥበብ ስልት፣ ነገር በሌላ ዓይን እንዳየው አድርጎኛል። በፊልሙ ውስጥ ክፍሉን ውኃ ሞልቶ ከቀንድ አውጣና ከእንቁራሪት ጋር የሚኖር ሽማግሌ አለ፤ ሲገለብጧቸው እንደ ላም የሚጮሁ አሻንጉሊቶችን የሚያመርቱ ወንድማማቾችም አሉ። ነገር ግን ሽማግሌው እንቁራሪቶቹን የሚያረባው ሊበላቸው ነው፤ ወንድማማቾቹም እያንዳንዱን አሻንጉሊት እያዳመጡ ጥራቱን ይፈትሻሉ። እንግዳ የሚመስለው ሁሉ የኑሮ ምክንያት ስላለው ተመልካቹ ያምነዋል፤ አምኖ ሲቀበለው ደግሞ የሰው ሥጋ የሚመዘንበትን ሚዛንም ያለ ተቃውሞ ይቀበላል። ጨለማው ኮሜዲ ያረፈው በዚህ ቅብብል ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፊልሙ ስለ መጪው ዘመን ቢሆንም አልባሳቱና የቤት ዕቃው የ1940ዎቹን ፈረንሳይ ያስታውሳሉ። በጀርመን ወረራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ፣ ምግብ በራሽን ካርድ ይታደል ነበር፤ ሰዎች በዕድሜና በሥራ ዓይነት በፊደል ይመደቡ ነበር፤ ራሽኑም ሙሉ በሙሉ የቀረው ጦርነቱ ካበቃ ከዓመታት በኋላ በ1949 ነው። ጥቁር ገበያውን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን መጠቆሙን፣ እያወቁ ዝም ማለቱን ያሳለፈ ሕዝብ ይህን ፎቅ ቤት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። በመሬት ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩት ሥጋ የማይበሉ ሽምቅ ተዋጊዎችም የዚያን ዘመን ስውር ታጋዮች ያስታውሳሉ። የሱሪያሊዝም መሪ የነበረው ጸሐፊ አንድሬ ብሬቶን ያሰባሰበው የጥቁር ቀልድ መድበልም በዚያው በ1940 ታትሞ፣ ከጀርመን ጋር ይተባበር በነበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ሳንሱር መታገዱ፣ ይህ ዓይነቱ ሳቅ በፈረንሳይ ከረሃብና ከጭቆና ጋር ምን ያህል የተቆራኘ እንደሆነ ያሳያል።

ለማነጻጸር የሉክ ቤሶንን የ1983 «ለ ዴርኒዬ ኮምባ» አይቻለሁ። በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ሲሆን ሰዎቹ የመናገር ችሎታቸውን አጥተዋል፤ ከሰማይም ዓሣ ይዘንባል። ውብ ነው፤ ነገር ግን ሳቁ ቀዝቃዛ ሆኖብኛል፤ ምክንያቱም ሰዎቹ ተበታትነው ስለሚኖሩ የጎረቤት ጉዳይ የለም።

ከ«ዴሊካቴሰን» ያላሳመነኝ የኦሮር ክፍል ነው። ይህች ሴት ራሷን ለማጥፋት የተወሳሰቡ መሣሪያዎችን ትሠራለች፤ ሁሉም በጥቃቅን ምክንያት ይከሽፋሉ። ራሷን እንድታጠፋ እየገፋፋ ወደ ጆሮዋ የሚመጣው ድምፅ ጎረቤቷ በቧንቧ የሚልከው መሆኑን ስናውቅ ጭካኔው ከሌላው የፊልሙ ክፍል ሁሉ ይከብዳል። ፊልሙ ግን ሕመሟን ትቶ ወደ መሣሪያው ብልሃት ይሮጣል። ብዙዎች ይህን ክፍል እጅግ እንደሚወዱት አውቃለሁ፤ እኔ ግን እዚህ ላይ አዘጋጆቹ ለሴትዮዋ ስሜት የተጨነቁ አይመስለኝም።

አሁን የያዝኩት ልምምድ በስልክ የሚቀረጽ አጭር ትዕይንት ነው። ሜትሮኖም (እኩል ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ከፍቼ የሽንኩርት መክተፊያ፣ የመቀስ፣ የመጥረጊያና የጎማ መንፊያ ድምፆችን ለየብቻ ቀድቻለሁ። እስካሁን የተረዳሁት፣ ድምፆቹ በምት መግጠማቸው ብቻ ሳቅ እንደማያመጣ ነው፤ ሽንኩርቱን የምትከትፈው ሴት ለማን እንደምታበስል፣ ለምን እንደቸኮለች ሲታወቅ ነው ነገሩ የሚነቃው። ስለዚህ ከቀረጻው በፊት የእያንዳንዱን ሰው ጉዳይ በአንድ በአንድ መስመር እየጻፍኩ ነው። ከዚህ በኋላ የዥኔንና የካሮን የ1981 አጭር ፊልም «ለ ቡንከር ደ ላ ዴርኒዬር ራፋል»ን በተመሳሳይ መንገድ፣ ምስሉን ሸፍኜ፣ ለመስማት አስቤያለሁ። ከእናንተም የአልጋ ሞላውን ትዕይንት የምስል ቆይታ በሰከንድ የመዘገበ ካለ ሰንጠረዡን ቢያካፍለን፣ እኔም የቤቱን ንድፍ አካፍላለሁ።