ከቁራሌው ቀድሜ የምወስደው ቴሌቪዥን

ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ሲሞት ከቁራሌው በፊት እኔ ዘንድ ይመጣል። ጎረቤቶቼ ለምደውኛል። ያ ከኋላው ያበጠው የድሮ ቴሌቪዥን ለእኔ ሙሉ የዕቃ መደብር ነው።

የአጭር ሞገድ ራዲዮዬ ከምን እንደተሠራ ልንገራችሁ። ትራንዚስተሮቹ ሲ945 ናቸው፤ ከተቃጠለ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ነቀልኳቸው። ጣቢያ መቀየሪያው የአሮጌ ቴፕ ነው። ድምፅ የምታጎላው አይሲ (ብዙ ክፍሎችን በአንድ የያዘች ትንሽ ቺፕ)፣ ቲዲኤ2822፣ ከዚያው ቴፕ ወጣች። ኮይሉን፣ ማለትም የሽቦ ጥቅልሉን፣ የጠመጠምኩት በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ነው። ባትሪው ከሞተ ላፕቶፕ የተረፉ ሁለት ሴሎች ናቸው። ምናለሽ ተራ የወረድኩት ለጆሮ ማዳመጫው ሶኬት ብቻ ነው።

የአንቴናው ሽቦ ግን ለብቻው ይወራለታል። የቴሌቪዥኑን መስታወት ዙሪያውን ያቀፈ፣ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ ኮይል አለ። ቴሌቪዥኑ ሲበራ «ድምም» የሚለው እሱ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የቀረ የማግኔት ጉልበት ያጠፋል። ሲተረተር ብዙ ሜትር ሽቦ ይወጣዋል። ለ7 ሜጋኸርዝ ሞገድ አንቴና በግራ 10፣ በቀኝ 10 ሜትር ይበቃል። መጀመሪያ ጫፉን ፋቅ አድርጉት። ቀላ ካለ መዳብ ነው። ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ ሶልደር አይዝለትም፣ በብሎን ማሰር ነው።

አደራ፣ የቴሌቪዥኑ ቱቦ ሲሠራ ከ20,000 ቮልት በላይ ይይዛል። ከተነቀለ በኋላም ቶሎ አይለቅም። ዲስቻርጅ ማድረግ (የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ማፍሰስ) የማያውቅ ሰው ክዳኑን አይክፈት።

አዲስ አበባ ላይ ትልቁ ፈተና ጫጫታው ነው። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሉ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ የዲሽ ሪሲቨሩ ሁሉም ራዲዮው ውስጥ ይጮኻሉ። መብራት ሲጠፋ ግን ያ ሁሉ አንድ ላይ ጸጥ ይላል። የእኔ ራዲዮ በባትሪ ነው። ጎረቤት «ደግሞ ሄደ!» እያለ ሲያማርር፣ እኔ ከአውሮፓ የሚመጣ ሞርስ (በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚላክ መልእክት) ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ ነው። እንዲህ ያለ ምሽት በጣም እወዳለሁ።

አዲስ ዕቃ ማስመጣት ውድ ነው፤ ዋናው ምክንያቴ ግን እሱ አይደለም። ራሳችሁ ነቅላችሁ፣ ለክታችሁ፣ መልሳችሁ ሥራ ያስያዛችሁትን ዕቃ ጠባዩን ታውቁታላችሁ። ሲበላሽም የት እንደሚነካ አይጠፋችሁም።

ቀጥሎ ማስተላለፊያ መሥራት እፈልጋለሁ። ኃይል ቆጣቢው አምፖል ሥር 13003 የሚባሉ ትራንዚስተሮች አሉ። በውጭ አገር የሞርስ ማስተላለፊያ የሠሩባቸው አማተሮች፣ ማለትም ራዲዮን ለፍቅሩ ብለው የሚሠሩ ሰዎች፣ አሉ። ለማስተላለፍ ፈቃድ የግድ ስለሆነ፣ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ያለውን የአማተር ራዲዮ ክበብ (የራዲዮ መጠሪያው ኢቲ3ኤኤ ነው) ላነጋግር ነው። እስከዚያው የተቃጠለ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ያላችሁ አትስበሩት፤ ብርጭቆው ውስጥ መርዛማ ሜርኩሪ አለ። እንዳለ አምጡልኝ።