ቆሎ የሚያኝከው ረዳት

የጎረቤታችን ልጅ ኮሚክ እየሣለ ነው። አንድ ሁለት ገጽ እንዳይመስላችሁ፣ ሙሉ መጽሐፍ ነው። ስለምን እንደሆነ ስጠይቀው "ስለ ማይንድፉልነስና ደግነት፣ ጋሼ" አለኝ። ማይንድፉልነስ የሚሉት ልብን ሰብስቦ አሁን የሚሆነውን ማስተዋል ነው። በልቤ "ወይ ጣጣ!" አልኩ። የምክር መጽሐፍ መንገድ ዳር ተዘርግቶ አላሳልፍ ብሎናል። አሁን ደግሞ በሥዕል ሊመጣብን ነው።

ዛሬ አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣን ረቂቁን አየሁት። ባለታሪኩ መነኩሴ አይደለም፣ የዮጋ አስተማሪም አይደለም። የታክሲ ረዳት ነው። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በሚመላለስ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል።

አንድ ባለመነጽር ተሳፋሪ ይሰብከዋል። ጆን ካባት-ዚን የሚባል አሜሪካዊ በ1979 እ.ኤ.አ. ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሕመምተኞች የማይንድፉልነስ ሥልጠና እንደጀመረ፣ ሥልጠናው 8 ሳምንት እንደሚፈጅ፣ ሰልጣኞቹም መጀመሪያ አንዲት ዘቢብ ቀስ ብለው እንደሚበሉ ያስረዳዋል። (ይኼ የልጁ ፈጠራ አይደለም፣ እውነት ነው።) ረዳቱ በጥሞና ሰምቶ ሲያበቃ "ወንድም፣ ሂሳብ" ይላል።

ነገሩ ግን ከልቡ ገብቷል። ዘቢብ ከየት ያምጣ? ከኪሱ አንዲት ፍሬ ቆሎ ያወጣል። ከዚህ በኋላ ሦስት ገጽ ሙሉ አንድም ቃል የለም። ቆሎዋ በጣቶቹ መሃል። ቆሎዋ አፍንጫው ሥር። ከዚያ ጥርስ ብቻ፣ ገጹን ሞልቶ። ከኋላው ተሳፋሪዎች አፋቸውን ከፍተው ይጮሃሉ፣ ድምፃቸው ግን አልተጻፈም። "ወራጅ አለ!" እያሉ እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው አይጠፋውም።

እኔ ሳነብ የምቸኩል ሰው ነኝ። ምዕራፉ ስንት ገጽ እንደቀረው ሳላይ አልጀምርም። እዚህ ላይ ግን ዓይኔ የሚሮጥበት መስመር አጣ። የተቀደደውን ወንበር አየሁ። ሾፌሩ በመስታወት የሚወረውረውን ግልምጫ አየሁ። ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ሕፃን የራሷን ቆሎ ፈልጋ የእናቷን ቦርሳ ትበረብራለች። ስለ እርጋታ ብዙ ምክር ሰምቻለሁ፣ እንደዚህ ያስቆመኝ ግን የለም።

የደግነቱ ክፍል ይበልጥ ያስቃል። ሳንቲም የጎደላቸውን አንዲት እናት ረዳቱ "ይቅር እማማ" ይላቸዋል። ወዲያው ታክሲው ሙሉ ሳንቲም ጎደለው።

የተጣላነው መጨረሻው ላይ ነው። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ ስለ ደግነት አንድ ገጽ ሙሉ ይናገራል። አጥፋው አልኩት። ቸርችል ጎዳና የሚሸጠውን የንግሥተ ሳባን ሥዕል አስታወስኩት። ታሪኩን በ44 ሳጥን ሲተርክ ማን ይሰብካል?

"ጋሼ፣ እሱም እኮ ከየሥዕሉ ሥር ጽሑፍ አለው።"

እውነቱን ነው፣ አለው። ቢሆንም አልተረታሁም። እዚያ የተጻፈው ማን ምን እንዳደረገ ነው አልኩት። ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን። እሱም ንግግሩን እንደሚወደው ደጋግሞ ነገረኝ።

ማታ የተስተካከለውን ገጽ በቴሌግራም ላከልኝ። ንግግሩ አንድ ቃል አልተነካም። ተሳፋሪዎቹ ግን በሙሉ ወርደዋል፣ ሾፌሩም ጭምር።