ተጋድሞ የተቀመጠ ሞተር፦ ሆንዳ ኤንሲ 750 ኤክስን ስነዳ ያስተዋልሁት

ስለ ሞተር ሳይክል የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሚጀምረው ከፈረስ ጉልበት ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን ሆንዳ ኤንሲ 750 ኤክስ ገና ሳይነሣ ይሸነፋል፤ በ2021 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ታድሶ የቀረበው ሞዴል ከ745 ሲሲ ሞተሩ የሚያወጣው 58.6 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ ሞተሩ 689 ሲሲ ብቻ የሆነው ያማሃ ኤምቲ-07 ግን ወደ 75 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። እኔም ይህን ልዩነት አስቀድሜ ስለማውቅ ደከም ያለ ነገር እነዳለሁ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ካየሁት በኋላ ግን ቁጥሩ ሐሰት ባይሆንም የሚናገረው እምብዛም ስለማንደርስበት የሞተሩ ክፍል መሆኑን ተረዳሁ።

የዚህ ሞተር ሳይክል መነሻ በ2011 መገባደጃ በሚላን ዐውደ ርእይ ለእይታ የቀረበው ኤንሲ 700 ኤክስ ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ 670 ሲሲ ነበር፤ ለ2014 ሞዴል ወደ 745 ሲሲ አደገ። ሆንዳ እንደገለጸው መሐንዲሶቹ በቅድሚያ የመረመሩት ሰዎች ሞተር ሳይክልን በየዕለቱ እንዴት እንደሚነዱ ሲሆን፣ አብዛኛው ነጂ በደቂቃ ከ6,000 ዙር እና በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር ብዙም እንደማያልፍ ካዩ በኋላ ሞተሩን ለዚያ ክልል ብቻ እንዲስማማ አድርገው ቀመሩት። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ገዢ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን የሚያወጣው ለሚያደርገው ነገር ሳይሆን አንድ ቀን አደርገዋለሁ ብሎ ለሚያልመው ነገር በመሆኑ፣ የሰውን ልማድ እንጂ ሕልሙን የማይከተል ሞተር ሠርቶ ገበያ ማውጣት ድፍረት ይጠይቃል።

ውሳኔው በሲሊንደሩ ልክ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የኤንሲው ሲሊንደር 77 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው ፒስተኑ በአንድ ምት የሚጓዘው 80 ሚሊ ሜትር ነው፤ የያማሃው ግን በተገላቢጦሽ 80 ሚሊ ሜትር ስፋትና 68.6 ሚሊ ሜትር ምት አለው። ፒስተኑ በእያንዳንዱ ዙር ረጅም መንገድ የሚመላለስበት ሞተር ወደ ከፍተኛ ዙር ሲገፋ ስለሚጨናነቅ፣ መሐንዲሶቹ የአየር አገባቡንና የቫልቮቹን አከፋፈት ለዝቅተኛው ዙር አመቻችተውታል። ውጤቱን በኒውተን ሜትር ብናነበው የሁለቱ ሞተር ሳይክሎች የማዞር ጉልበት አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ኤንሲው 69፣ በ2014 የወጣው ኤምቲ-07 ደግሞ 68። ልዩነቱ ጉልበቱ የሚመጣበት ቦታ ላይ ነው፦ ኤንሲው ጫፉ ላይ የሚደርሰው በ4,750 ዙር ሲሆን ያማሃው 6,500 መድረስ አለበት።

ይህ በመንገድ ላይ ምን እንደሚመስል ልናገር። መኪና በተጨናነቀበት መንገድ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ መሄድ ከጀመርሁ በኋላ ማርሽ ለመቀየር የሚያስገድደኝ ነገር አልነበረም። ዙሩ ወደ 2,000 አካባቢ ቢወርድም ሞተሩ አይንቀጠቀጥም፤ የነዳጅ መስጫውን ትንሽ ስጠመዝዝ ያለ ጩኸት ወደ ፊት ይስባል። የፒስተኖቹን ምት ወደ ዙር የሚቀይረው ዘንግ (ክራንክሻፍት) ክንዶች በ270 ዲግሪ ተለያይተው ስለተቀመጡ የፍንዳታው ልዩነት እኩል አይደለም፤ ከማርሚታው የሚሰማውም ከተራ ሁለት ሲሊንደር ድምፅ ይልቅ ወደ ቪ ቅርጽ ሞተር የሚያደላ ወፍራም ምት ነው። ሁለት ማመጣጠኛ ዘንጎች ስላሉት ንዝረቱ ወደ እጅ የሚደርሰው ተዳክሞ ነው፤ ጨርሶ አለመጥፋቱ ግን እኔ ደስ የሚለኝ ነገር ነው።

በከፍተኛ ዙር ከሚኖር ሞተር የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን መበሳጨቱ አይቀርም። ሌላ መኪና ለመቅደም በልማድ ሁለት ማርሽ ወደ ታች አውርዶ ነዳጁን ሲከፍት፣ ዙሩ ወዲያው 7,000 አካባቢ ደርሶ ገደቡ ጋር ይጋጫል፤ የቀደሙት ሞዴሎች ገደብ ደግሞ ከዚህም በ600 ዙር ያነሰ ነበር። ይህን ሞተር በሚገባ የሚነዳው ማርሹን ከሚያወርደው ይልቅ ባለበት ማርሽ ነዳጅ ጨምሮ የሚጠብቀው ሰው ነው። በአምስተኛ ማርሽ ከ80 ወደ 110 ኪሎ ሜትር መውጣት የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ ፍጥነቱ እንደጨመረ የሚታወቀው ቆጣሪውን ሲያዩ ነው። ከ120 በኋላ ግን ትንፋሹ እያጠረ ይሄዳል፤ ረጅም ዳገት ላይ ሰውና ሻንጣ ተጭኖበት በዚያ ፍጥነት ለመቅደም የሚፈልግ ሰው ቀደም ብሎ ማሰብ ይኖርበታል። በአገራችን አነጋገር ይህ ፈረስ ሳይሆን በቅሎ ነው፤ በቅሎን ደግሞ ማንም በእሽቅድምድም አይመዝናትም።

በ2021 ማሻሻያ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያሉት ማርሾች አጠር፣ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ያሉት ደግሞ ረዘም እንዲሉ ተደርገዋል። አጀማመሩ ፈጠን ያለው፣ በስድስተኛ ማርሽ በ100 ኪሎ ሜትር ስሄድም ዙሩ ከ3,500 በታች ሆኖ ጸጥ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ፍሪሲዮኑ በአንድ ጣት የሚሳብ ያህል ቀላል ነው።

እስካሁን የጻፍሁት ስለ ሞተሩ ጠባይ ነው፤ እንደ እኔ አስተያየት ግን የዚህ ሞተር ሳይክል ዋና ነገር ሞተሩ የተቀመጠበት አኳኋን ነው። ሲሊንደሮቹ በ62 ዲግሪ ወደ ፊት ተጋድመዋል። ከዚህ አንድ ነገር ሌላው ሁሉ ይከተላል። ሞተሩ ዝቅ ሲል የነዳጅ ታንክ በተለመደበት ቦታ ባዶ ክፍል ተገኘ፤ ታንኩ ወደ መቀመጫው ሥር ወርዶ በባዶው ቦታ ላይ 23 ሊትር የሚይዝ ክዳን ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ተሠራ። 14.1 ሊትሩ ቤንዚን ከፍ ብሎ በነጂው ጉልበቶች መካከል ከመንቀሳቀስ ይልቅ ታች መሃል ላይ ስለተቀመጠ፣ 214 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ይህ ሞተር ሳይክል ከጎን ማቆሚያው ሲነሣ ክብደቱን ግማሽ ያህል የደበቀ ይመስላል። ቆሞ እያለ በእግር ወደ ኋላ መግፋት፣ ጠባብ ቦታ ውስጥ ማዞር፣ በእርምጃ ፍጥነት በመኪኖች መካከል ማለፍ፣ እነዚህ ሁሉ ከእርሱ ከሚያንስ ሞተር ሳይክል የሚጠበቁ ናቸው። ታንኩ ሙሉ ሲሆንና ሲጎድል በአያያዙ ላይ የሚታይ ለውጥ አለመኖሩም ከዚሁ የመጣ ነው።

ስለ ዕቃ ማስቀመጫው ትንሽ ልቆይ፤ ሞተር ሳይክልን ለሥራ የሚጠቀም ሰው ሁሉ የሚያውቀው ችግር ስለሆነ ነው። ሙሉ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት ይገባበታል፣ ምንም እንኳ ጀርባው ላይ ክንፍ ወይም ጉልህ ጫፍ ያላቸው አንዳንድ ሄልሜቶች ክዳኑን ሊያስቸግሩት ቢችሉም። ሄልሜቱ በራስ ላይ ሲሆን ደግሞ የዝናብ ልብስ፣ ጓንት፣ ጠንካራ መቆለፊያና የቀን ዕቃ ይይዛል። ከዚህ ሞተር ሳይክል ወርጄ ሌላ ስነዳ በጣም የናፈቀኝ የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን ይህ ክፍል መሆኑን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። በጀርባ ቦርሳ ሳይሸከሙ መንዳት ትከሻን ብቻ ሳይሆን ሚዛንንም ያቀልላል፤ መሪው በነጻ እጅ ይያዛል።

ዋጋው የሚከፈለው ነዳጅ መቅጃው ጋር ነው። የታንኩ አፍ ከተሳፋሪው መቀመጫ ሥር ስለሆነ ነዳጅ ለመቅዳት መቀመጫውን በቁልፍ ከፍቶ ማንሣት ያስፈልጋል። ብቻውን ለሚሄድ ሰው ይህ ምንም አይደለም። የኋላ መቀመጫው ላይ ሻንጣ በገመድ ያሰረ ሰው ግን ገመዱን ሁሉ ፈትቶ፣ ሻንጣውን አውርዶ፣ ከቀዳ በኋላ እንደገና ማሰር አለበት፤ ተሳፋሪም ካለ ይወርዳል። ስለዚህ ሩቅ ለመሄድ የሚያስብ ሰው የጎን ሻንጣዎችን ወይም ከመቀመጫው በስተኋላ ያለውን መጫኛ ቢመርጥ ይሻለዋል። መጽናኛው የቤንዚን ፍጆታው በፋብሪካው መለኪያ በ100 ኪሎ ሜትር 3.5 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። ረጋ ብሎ የሚነዳ ሰው በአንድ ሙሌት ወደ 400 ኪሎ ሜትር ስለሚደርስ ገመድ የመፍታቱ ሥራ ቶሎ ቶሎ አይመጣም።

ወደ መታጠፊያ ሲገባ የመጀመሪያው ስሜት ርጋታ ነው። አካሉ ረጅም፣ ክብደቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለማጋደል ትንሽ ግፊት ይጠይቃል፤ አንዴ ከተጋደለ ግን መስመሩን ሳይለቅ ይዞ ይወጣል። በተከታታይ ግራና ቀኝ የሚጠማዘዝ መንገድ ላይ ከጎን ወደ ጎን የሚገለባበጠው ከቀላሎቹ ሞተር ሳይክሎች ይልቅ ዘገም ብሎ ነው። የፊት ሞላው ለምቾት ያደላ ስለሆነ ጠንከር ያለ ፍሬን ሲያዝ ይሰግዳል፤ በዚህ ሞዴል ከፊት ያለው 320 ሚሊ ሜትር ዲስክ አንድ ብቻ ስለሆነም ፍሬኑን በሁለት ጣት ነካ አድርጎ ከመተው ይልቅ በአራት ጣት እየጨመሩ መያዝ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ በእርጥብ መንገድ ላይ ሳያስደነግጥ ይሠራል፤ ለዝናብ የተመደበው የአነዳድ ምርጫም የነዳጁን ምላሽ ስለሚያለሰልስ ከስም ያለፈ ጥቅም አለው። የንፋስ መከላከያው መስታወት ደረትን ቢከልልም ቁመቱ ረዘም ላለ ሰው ነፋሱን አንሥቶ ሄልሜቱ ላይ ያመጣዋል።

መልኩ ግን ትንሽ ያታልላል። ከፍ ያለው መሪና አፍንጫ መሳዩ የፊት ሽፋን የጠጠርና የገጠር መንገድ ሞተር ሳይክል ያስመስሉታል፤ ጎማዎቹን ያየ ሰው ግን ከፊትም ከኋላም ያሉት 17 ኢንች የአስፋልት ጎማዎች መሆናቸውን ይረዳል። በ2021 የመቀመጫው ከፍታ ከ830 ወደ 800 ሚሊ ሜትር ሲወርድ የሞላዎቹ መጫወቻም ወደ 120 ሚሊ ሜትር አጥሯል። አጭር ቁመት ላለው ነጂ ሁለቱንም እግር መሬት ማስረገጥ ትልቅ ነገር ነው። ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ለሚመላለስ ሰው ግን ያጠረው መጫወቻ ወገቡ ላይ ይሰማዋል፤ እንዲህ ያለው ነጂ የቀድሞውን ሞዴል ቢፈልግ አልፈርድበትም።

ከዚህ ሞተር ሳይክል ጋር ዲሲቲ የሚባለው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ማርሽም ይቀርባል። አንዱ ፍሪሲዮን ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ማርሾች፣ ሌላው ሙሉ ቁጥር ያላቸውን ይይዛል፤ ስለዚህ ቀጣዩ ማርሽ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ለውጡም ያለ መቆራረጥ ይሆናል። የፍሪሲዮን መያዣም የማርሽ መርገጫም የለውም፤ ክብደቱ በ10 ኪሎ ግራም ይጨምራል፤ ሞተሩ ሲጠፋ በማርሽ ተይዞ ስለማይቆምም የእጅ ፍሬን ተደርጎለታል። ዝቅተኛ ዙር የሚወድ ሞተር ከእንዲህ ያለ ማርሽ ጋር በጣም ይስማማል፤ ማርሹ በራሱ ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ ሲወጣ ሞተሩ አያጉረመርምም። የሚያስቸግረው በጠባብ መንገድ ዞሮ መመለስ ላይ ነው፤ ፍሪሲዮኑን በእጅ አላልቶ ፍጥነትን መመጠን ስለማይቻል፣ ነዳጁን በትንሹ እንደሰጡ የኋላውን ፍሬን በስሱ ረግጦ መዞርን መልመድ ያስፈልጋል። ከመለመዱ በፊት ግራ እጅ የሌለውን መያዣ ይፈልጋል። በየቀኑ ቆሞ መነሣት በበዛበት መንገድ ለሚመላለስ ሰው ዲሲቲውን እመክራለሁ፤ ለራሴ ግን በእጅ የሚቀየረውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም ከልማድ ውጭ ምንም አይደለም።

ጥገናው ላይ የተጋደመው ሞተር ሁለት ዐይነት ፊት ያሳያል። ቫልቮቹ ስምንት ቢሆኑም የሚያንቀሳቅሳቸው አንድ ካም ብቻ ሲሆን፣ ክፍተታቸው የሚስተካከለው በብሎንና በዳዶ ነው፤ ካሙን አውልቆ ልኬቱ የታወቀ ቁራጭ ብረት መቀያየር ሳያስፈልግ፣ መፍቻ፣ ካቻቢቴና የክፍተት መለኪያ የያዘ ጥንቁቅ ሰው ሊሠራው ይችላል። በሌላ በኩል ሲሊንደሮቹ ወደ ፊት ስለተጋደሙ የሞተሩ ራስ የሚገኘው ከራዲያተሩ ጀርባ ነው፤ እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ የፊት ሽፋኖችን መፍታት፣ ከዚያም ራዲያተሩን ከቦታው ማላቀቅ ግድ ይላል፤ ከማስተካከሉ ይልቅ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው።