«መጫወቻ ነው» ብዬ ፈረምኩ

ድሬዳዋ ቁጭ ብላችሁ ከውጭ ሰርፍስኬት፣ ማለትም ቆመው የሚነዱት ባለ ጎማ ሰሌዳ፣ ልታስልኩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የኔን ስሙ። እኔን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሐምሌ 2013 ነው። ከዚራ ሰፈር ጓደኛዬ ቤት ሆነን የቶኪዮን ኦሎምፒክ በስልክ እናያለን። ሰርፊንግ፣ በሰሌዳ ቆሞ በባሕር ማዕበል ላይ መንሸራተት፣ ኦሎምፒክ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። ወርቁን የሃዋይዋ ካሪሳ ሙር ወሰደች። እኔ ግን ዓይኔ የቀረው ብር ያገኘችው ላይ ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊቷ ቢያንካ ቦይተንዳግ። ያኔ ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረችውን አውስትራሊያዊት፣ ስቴፋኒ ጊልሞርን፣ አሰናብታ ነው እዚያ የደረሰችው። አቦ፣ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ! በኋላ ደግሞ የዓለም ሰርፊንግ ሊግ እንደ ፈረንጆቹ ከ2019 ጀምሮ ለሴትም ለወንድም እኩል ሽልማት እንደሚከፍል አነበብኩ። እንጀራ ይወጣዋል ማለት ነው።

ድሬ ባሕር የላትም። ያለን የደቻቱ ወንዝ ነው፤ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ፣ ሲመጣ ደግሞ በ1998 ክረምት ያየነው ዓይነት ጎርፍ። በሱ አይቀለድም። ግን ስኬትቦርድንም ያመጡት የካሊፎርኒያ ሰርፈሮች ናቸው፤ ማዕበል ሲጠፋ አስፋልት ላይ ለመንሸራተት። ሰርፍስኬት የሚሉት የፊት ጎማው እንደ ልብ ይዞራል፤ እግርሽን መሬት ሳታወርጂ በወገብና በትከሻ ብቻ ትነጂዋለሽ። አስፋልት ደግሞ ከዚራ ሞልቷል። ገንዘብ አጠራቀምኩ፣ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ገዝታ በካርጎ ላከችው።

እስከዚህ ያለው ሁለት ወር አልፈጀም። ከመጋዘን ለማውጣት ግን አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለስኩ።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። መስኮቱ ጋ የነበረው ሰውዬ ካርቶኑን ከፈተ፣ ቦርዱን ገለበጠ፣ አንዱን ጎማ በጣቱ አሽከረከረው። ጎማው ዝም ብሎ ይዞራል። እስኪቆም ጠበቀ።

«ይሄ ተሽከርካሪ ነው?»

«የስፖርት ዕቃ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ከስፖርት ደብዳቤ አምጪ።»

ደብዳቤ ልጠይቅ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ «ፌዴሬሽኑ የታለ?» አሉኝ። የለም። ፌዴሬሽን ለሌለው ስፖርት ደብዳቤ አይጻፍም። ወደ መስኮቱ ተመለስኩ፤ ሰዓቱ ስድስት ሆኗል፣ ከሰዓት ነይ። ከሰዓት መጣሁ፤ ሰውዬው ስብሰባ ገብቷል። በዚያ ሙቀት ከወዲህ ወዲያ የከፈልኩት የባጃጅ ሒሳብ ብቻ አንድ ጥሩ ጫማ ይገዛ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጥግ ላይ የምትሠራ አንዲት እናት ጠራችኝ። «ልጄ፣ መጫወቻ ነው በይና ፈርመሽ ውሰጂ» አለችኝ። የልጆች መጫወቻ የሚል መደብ አለ፤ ደብዳቤ አይፈልግም።

እምቢ አልኩ።

አሁንም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ከሰውዬው ይልቅ በራሴ ነው የምናደደው። «እኔ ስፖርተኛ ነኝ» ብዬ ተኮፈስኩ። ገና አንድ ቀን እንኳ ቦርድ ላይ ቆሜ አላውቅም! ስድስት ሳምንት ማመልከቻ ስጽፍ የመጋዘን ኪራዩ እየቆጠረ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ከቀረጡ በለጠ። በአሥራ አንደኛው ምልልሴ ሄጄ ፈረምኩ። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ፣ አንድም ቃል አልተናገረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የኔ ምክር፦ በካርጎ አታስልኩ። «ሰነድ አሟልታችሁ ላኩ» የሚሏችሁን አትስሙ፤ ሰነዱ የሚሟላ አይደለም። የሚመጣ ዘመድ ፈልጉ፣ በሻንጣው ይያዝላችሁ፣ ሲጠየቅም በግልጽ ያሳይ። ካርጎ ግድ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን መጫወቻ በሉ።

መንዳቱን በራሴ ተማርኩ፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ባጃጆቹ ሳይወጡ። የድሬ አስፋልት ላይ ሁሌም አሸዋ አለ። አንዲት ጠጠር ጎማው ሥር ከገባች ቦርዱ ይቆማል፣ አንቺ ትቀጥያለሽ። የቀኝ መዳፌ ሁለቴ ተልጧል። ጓንት ግዙ።

አሁን የሰፈር ልጆች፣ አራት ሴቶች፣ በተራ ይነዱታል። ቢያንካን አሳይቻቸዋለሁ። እስካሁን አምስት ሳንቲም አላስገባልኝም፣ ግን አልተውኩትም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ትራፊክ አስቆመኝ። ቦርዱን ዞሮ ዞሮ አየና «ታርጋው የታለ?» አለኝ። የመጋዘኑን ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣሁለት፤ እስካሁን ይዤው ነው የምዞረው።

«መጫወቻ ነው» አልኩት።