ጃዝ በወታደሮች ቀን

አሜሪካ የቀድሞ ወታደሮቿን በምታከብርበት ቀን፣ ኖቬምበር 11፣ ዋሽንግተን የገባ እንግዳ ቀኑን ከወታደር ጋር ነው የሚያሳልፈው። ጠዋት ወደ ኮሪያ ጦርነት መታሰቢያ ሄድኩ። የዝናብ ካባ ደርበው የሚጓዙትን 19 የብረት ወታደሮች ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሳቸዋል፤ እኔ ግን በስተሰሜን ወዳለው የድንጋይ ጠርዝ አጎነበስኩ። የ22 አገሮች ስም ተቀርጾበታል፤ ኢትዮጵያም አለች። የቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋግቷል።

አመሻሽ ላይ በቀዩ መስመር ባቡር ሜሪላንድ ገባሁ። የአካባቢው ነዋሪዎች ያቋቋሙት የጃዝ ድምፃውያን ቡድን ለቀድሞ ወታደሮች በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ኮንሰርት እንደሚያቀርብ ሰምቼ ነበር። መምህር፣ ነርስ፣ ጡረተኛ ነው የሚዘምረው፤ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ከኋላቸው ፒያኖ፣ ኮንትራባስና ድራም ብቻ።

ጃዝ ለወታደር ክብር መቅረቡ የሚያስገርመው ካለ፣ ታሪኩን አልሰማም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ፈረንሳይን ከዚህ ሙዚቃ ጋር ካስተዋወቁት መካከል በጄምስ ሪስ ዩሮፕ የሚመራው የ369ኛው እግረኛ ሬጅመንት ባንድ አንዱ ነው። ሬጅመንቱ የጥቁር ወታደሮች ነበር፤ የገዛ አገራቸው ጦር ከነጮቹ ጋር ማሰለፍ ስላልፈለገ በፈረንሳይ ዕዝ ሥር ተዋጉ። የጃዝ ኦርኬስትራ መሪው ግሌን ሚለር ደግሞ ዝናውን ትቶ ጦሩን ተቀላቀለ፤ ዲሴምበር 15 ቀን 1944 ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ ሲበር አውሮፕላኑ እንደወጣ ቀረ። የእኛስ ዘመናዊ ሙዚቃ ቢሆን ክቡር ዘበኛ ሰፈር አይደል ያደገው?

ወደ መድረኩ ልመለስ። በጃዝ ኅብረ ዝማሬ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ያሉት አራት ድምፆች፣ ሶፕራኖው፣ አልቶው፣ ቴነሩና ባሱ፣ በዜማ እርከን በጣም ይጠጋጋሉ፤ ጆሮ «ተሳሳቱ» ሊል ሲል የአንዱ ድምፅ በግማሽ እርከን ዝቅ ይልና ሁሉም ይስማማል። ይህ ከባድ ሥራ ነው፤ ቴነሮቹ ሁለት ጊዜ ሳይደርሱበት ቀርተዋል። አንዲት አልቶ ግን ቃል በሌለው ድምፅ ከድራሙ ጋር ስትመላለስ ከበሮኛው ራሱ ሳቀ።

ከዚያ የጦር ክፍሎቹ መዝሙሮች መጡ። የምድር ጦሩ ሲዘመር በምድር ጦር ያገለገሉ ይነሣሉ፣ የባሕር ኃይሉ ሲዘመር የዚያ ሰዎች፤ አዳራሹም ያጨበጭባል። እነዚህ ለሰልፍ የተሠሩ ዜማዎች ናቸው፤ አቀናባሪው ሁሉንም በስዊንግ፣ በሚወዛወዘው የጃዝ ምት፣ ሊያስኬዳቸው ሞክሯል። የባሕር ኃይሉ አማረበት። ከባሕር ወደ የብስ የሚዘምቱት የማሪኖቹ ግን አልሆነም፤ ያ ዜማ ቀጥ ብሎ መራመድ እንጂ መወዛወዝ አይወድም። በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡ አንድ አዛውንት መነሣት ስላልቻሉ እጃቸውን አወጡ። በባሕር ዳርቻ ጥበቃው ጊዜ የተነሡት አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ፤ የምሽቱ ትልቁ ጭብጨባ የእሳቸው ሆነ።

ሲያበቃ በኮሪደሩ ቡና ቀረበ። ከባሶቹ አንዱ ቬትናም የዘመቱ ሰው ነበሩ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ስለ ድንጋዩ ጠርዝ ነገርኳቸው። ስለ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራም ሳነሣ «በአራት ድምፅ ይዘምሩ ነበር?» አሉ። አንድ ድምፃዊ ከፊት፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ከኋላ እንደነበሩ አስረዳሁ። አንገታቸውን ነቀነቁና ድምፄ ወፍራም መሆኑን አስተዋሉ መሰል፣ ቡድኑ ባስ እንደሚጎድለው፣ ልምምዱም ለማንም ክፍት እንደሆነ ነገሩኝ። አውሮፕላኔ በማግስቱ ነበር።